ባለ 50 ሜትሩ የፋይበር ሜትር፦ ከማሳ እስከ ጣቃ

ባሕር ዳር ውስጥ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገብቶ ረጅም ሜትር ለጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት አንድ ዓይነት ነው፦ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ በማዞሪያ የሚጠቀለል፣ ጥብጣቡ ከመስታወት ክር ተሠርቶ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ላዩ ላይ «50 ሜትር/165 ጫማ» የሚል የታተመበት። ግንበኛ ለመሠረት፣ ገበሬ ለማሳ፣ ድንኳን ሰፊ ለሸራ፣ ጨርቅ ነጋዴ ለጣቃ ቆጠራ ይገዛዋል። አንዱ ፊት በሜትር፣ ሌላው በጫማና በኢንች የተከፈለ በመሆኑ ብዙ ሰው መለኪያ ብቻ ሳይሆን መለወጫም አድርጎ ይይዘዋል። የዚህ ግምገማ ጉዳይ ይኸው ነው። ከመሬት ልክ ወደ ጨርቅ ልክ፣ ከዛሬው ወደ ጥንቱ ሲኬድ ዕቃው የት ድረስ ያደርሳል? የትስ ላይ ያሳስታል?

ባጭሩ፣ ለቦታና ለማሳ ግምት የሚመሰገን ዕቃ ነው። ለጣቃ ቆጠራም ያገለግላል። ለልክ ስፌት ግን አይሆንም። እንደ መለወጫ ከተወሰደ ደግሞ ፊትና ጀርባውን እያገላበጡ ማንበብ ያሳስታል፤ የሜትሩን ፊት ብቻ አንብቦ የቀረውን በስሌት ማግኘት ይሻላል።

ከጽሑፉ እንጀምር። 50 ሜትር 164.04 ጫማ ነው፤ 164 ጫማ ከግማሽ ኢንች ማለት ነው። 165 ጫማ ግን 50.292 ሜትር ነው። መያዣው ላይ 165 ቢባልም የብዙዎቹ ጥብጣብ 50 ሜትር ላይ ስለሚያልቅ፣ ሙሉውን ዘርግቶ «165 ጫማ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው በእያንዳንዱ ዝርጋታ 29 ሳንቲሜትር ከሌለበት ይጨምራል። አራት ጊዜ ሲዘረጋ ስህተቱ ከ1 ሜትር ከ16 ሳንቲሜትር ያልፋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ጥብጣቡን እስከ መጨረሻው አውጥተው የጫማው ቁጥር በእርግጥ የት እንደሚያበቃ ይዩ። ሻጩ መልሶ መጠቅለሉ ቢሰለቸውም ይህን ማየት የገዢው መብት ነው።

ሆኖም 165 እንዲሁ የተጻፈ ቁጥር አይመስልም። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ጉንተር እ.ኤ.አ. በ1620 ያስተዋወቀው የቀያሾች ሰንሰለት፣ ማለትም ቼይን፣ 66 ጫማ ነው፤ 100 ማያያዣ ወይም ሊንክ አለው። አንድ አራተኛው 16.5 ጫማ ሲሆን ሮድ ይባላል። እንግዲህ 165 ጫማ በትክክል 10 ሮድ ወይም 2 ቼይን ተኩል ነው። ባለ 20 ሜትሩ ሜትር ላይ የሚታተመው 66 ጫማ ራሱ አንድ ቼይን ነው። ባለ 100 ሜትሩ ላይ ያለው 330 ጫማ 5 ቼይን ይሆናል። ባለ 30 ሜትሩ ላይ ያለው 100 ጫማ ደግሞ የራምስደን የሚባለው የመሐንዲሶች ቼይን ርዝመት ነው። የቀያሾቹ ጥንታዊ ልክ ዛሬም በየሱቁ መደርደሪያ ላይ በቁጥር ደረጃ አለ።

የጨርቁ ወገን በዚህ ላይ ሲጨመር ነገሩ ይበልጥ ያምራል። የእንግሊዝ ጨርቅ ነጋዴዎች ያርድን በ16 ከፍለው አንዱን ክፍል ኔይል ይሉት ነበር። አንድ ኔይል 2 ኢንች ከሩብ፣ ማለትም 5.715 ሳንቲሜትር ነው። አራት ኔይል አንድ ሩብ ያርድ፣ 9 ኢንች ይሆናል። ያርድም ሆነ ኤል የሚባሉት የድሮ የጨርቅ ርዝመት ልኮች በዚህ ሩብ ይሰፈራሉ፦ የፍሌሚሽ ኤል ሦስት ሩብ (27 ኢንች)፣ ያርድ አራት ሩብ (36 ኢንች)፣ የእንግሊዝ ኤል አምስት ሩብ (45 ኢንች)፣ በእንግሊዝ ንግድ የፈረንሳይ ኤል የሚባለው ስድስት ሩብ (54 ኢንች)። በኔይል ሲነገር 12፣ 16፣ 20 እና 24 መሆናቸው ነው።

ከመሬት ወደ ጨርቅ የሚያሻግረው ድልድይ ይህ ኔይል ነው። አንድ ቼይን 352 ኔይል፣ አንድ ሮድ 88 ኔይል፣ አንድ ሊንክ 3.52 ኔይል ነው። 352 የሚለውን አንድ ቁጥር የያዘ ሰው ሰንጠረዥ አያስፈልገውም፦ ለ16 ቢያካፍለው 22 ያርድ፣ ለ20 ቢያካፍለው 17.6 የእንግሊዝ ኤል፣ ለ12 ቢያካፍለው 29.33 የፍሌሚሽ ኤል፣ ለ24 ቢያካፍለው 14.67 የፈረንሳይ ኤል ያገኛል። መያዣው ላይ የተጻፈው 165 ጫማም 880 ኔይል፣ 55 ያርድ፣ 44 የእንግሊዝ ኤል ይሆናል፤ አንዱም ሽራፊ የለውም። ከሜትር የሚነሳ ሰው ደግሞ ርዝመቱን ለ0.05715 ያካፍል። 50 ሜትር 874.9 ኔይል ነው፤ ከዚያ 54.68 ያርድ ወይም 43.74 የእንግሊዝ ኤል ይወጣዋል።

«ቼይን» ወይም «ኤል» የሚል ቃል በአሮጌ ሰነድ ላይ ሲያጋጥም ግን የየትኛው አገር እንደሆነ ሳይጣራ ማባዛት አይገባም። የስኮትላንድ ኤል 37 ኢንች ነበር፤ በዛሬው ኢንች ጥቂት ይበልጣል፣ 94 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ስኮትላንዶች መሬታቸውንም የለኩት በዚሁ የጨርቅ ልክ ነው፦ 6 ኤል አንድ ፎል፣ 4 ፎል አንድ ቼይን፣ 5,760 ካሬ ኤል አንድ ኤከር። የእነሱ ቼይን 24 ኤል፣ 74 ጫማ ነበር ማለት ነው፤ ከጉንተሩ በ8 ጫማ ይበልጣል። ኤከራቸውም ከ5,100 ካሬ ሜትር በላይ ሲሆን የእንግሊዙ 4,047 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት የሩብ ያህል ነው፤ ምንም ዓይነት ጥሩ ሜትር አያርመውም።

የስልክ መለወጫስ? በተለምዶ ስልክ ላይ የሚገኙት መለወጫዎች ሜትር፣ ጫማ፣ ያርድ፣ ኢንችና ማይል ላይ ትክክል ናቸው፤ ቼይን፣ ሮድ፣ ኤልና ኔይል ግን በብዙዎቹ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። መፍትሔው ስልኩን እስከ ያርድ ድረስ ብቻ መጠቀም ነው። ያርዱን ለ1.25 ማካፈል የእንግሊዝ ኤል፣ ለ22 ማካፈል ቼይን ይሰጣል። ቁጥር ማጠጋጋት ደግሞ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ያርድ እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በትክክል 0.9144 ሜትር ነው። «0.91 ይበቃል» ብሎ 500 ያርድ የሚለውጥ ሰው 457.2 ሜትር ማግኘት ሲገባው 455 ያገኛል፤ 2 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ጨርቅ በሽራፊ ብቻ ጠፋ።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ጥብጣቡ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ዜሮው ነው። በአንዳንዱ ዜሮ የሚቆጠረው ከጫፉ ቀለበት ወይም መንጠቆ ውጫዊ ጠርዝ ነው፤ በሌላው ደግሞ ከቀለበቱ ገባ ብሎ ጥብጣቡ ላይ ከታተመ መስመር ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ችካል ላይ ማንጠልጠል በእያንዳንዱ ዝርጋታ በርካታ ሳንቲሜትር ያሳስታል፤ ስህተቱም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ እየተደመረ ይሄዳል። ለመፈተሽ የሚታመን የብረት ሜትር አጠገቡ ዘርግቶ የሁለቱን 1 ሜትርና 5 ሜትር ማስተያየት ይበቃል። 1 ሜትሩ ላይም 5 ሜትሩ ላይም እኩል ልዩነት ከታየ ጥፋቱ የዜሮ ነው። ልዩነቱ ከርዝመቱ ጋር ካደገ ጥብጣቡ ተስቧል፤ ይህን መጣል ነው።

ቀጥሎ የጫማው ፊት አከፋፈል አለ። ለቀያሾች የተሠራ ሜትር ጫማን በ10 ይከፍላል፤ ለግንበኛ የተሠራው በ12 ኢንች ይከፍላል። መልካቸው ተመሳሳይ ነው። 5.6 ጫማ ማለት 1.707 ሜትር ሲሆን 5 ጫማ ከ6 ኢንች ግን 1.676 ሜትር ነው። አንዱን እንደ ሌላው ያነበበ ሰው 3 ሳንቲሜትር ይስታል። በአንድ ጫማ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ክፍሎች ይቁጠሩ፤ ከ9 ቀጥሎ አዲስ ጫማ ከጀመረ በአሥር የተከፈለው ነው፣ 10 እና 11 ካሉ ኢንች ነው። ፊቱን እያገላበጡ ማንበብ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። የሜትሩ ፊት እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

ለማሳ ሥራ ይህ ርዝመት የተመቸበት አንድ ምክንያት አለ። በጎጃም ገበሬው የሚናገረው በጥማድ ነው። ጥማድ ከመነሻው ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ይለያያል፤ ለስሌት ግን የሩብ ሄክታር፣ የ2,500 ካሬ ሜትር ልክ ተደርጎ ይወሰዳል። 50 በ50 ልክ 2,500 ነው። ሜትሩን በአራት ጎን አንድ አንድ ጊዜ መዘርጋት አንድ ጥማድ ያወጣል። ማዕዘኑን ቀጥ ለማድረግ ከአንዱ ችካል በአንዱ ጎን 30 ሜትር፣ በሌላው 40 ሜትር ይያዛል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ሰያፍ 50 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። ባለ 30 ሜትሩ ርካሽ ሜትር ይህን በአንድ ዝርጋታ አይሠራም፤ 18፣ 24 እና 30 አድርጎ ማሳነስ ግድ ይለዋል።

የሰያፍ ነገር ከተነሳ፣ አራት ጎን ያለው ግን ቅርጹ ያልተስተካከለ ማሳ ላይ በሰፊው የሚሠራ ስህተት አለ። ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች ሁለት ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈልና ሁለቱን አማካዮች ማባዛት የተለመደ ነው። ይህ አሠራር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ስፋት እኩል ወይም የበለጠ እንጂ ያነሰ አይሰጥም። ጎኖቹ በተርታ 50፣ 45፣ 40 እና 52 ሜትር፣ ሰያፉ 60 ሜትር የሆነ ማሳ እንውሰድ። በአማካይ ስሌት 45 በ48.5፣ ማለትም 2,182.5 ካሬ ይመጣል። በሰያፉ ለሁለት ሦስት ማዕዘን ተከፍሎ ሲሰላ አንዱ 1,101፣ ሌላው 1,025፣ ድምሩ 2,126 ካሬ ነው። ልዩነቱ 56 ካሬ ሜትር ነው። የሦስት ማዕዘኑ ስሌት ቀላል ነው፦ ሦስቱን ጎኖች ደምሮ ግማሹን መያዝ፣ ከግማሹ ላይ እያንዳንዱን ጎን መቀነስ፣ ግማሹንና ሦስቱን ልዩነቶች እርስ በርስ ማባዛት፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ማውጣት። ስልክ ይህን በደቂቃ ያደርጋል። ሰያፉ ከ50 ሜትር ሲበልጥ በመካከሉ ችካል ተተክሎ በሁለት ዝርጋታ ይለካል፤ መካከለኛው ችካል ከሁለቱ ጫፎች ጋር ቀጥ ብሎ መሰለፉን ከአንዱ ጫፍ ሆኖ ማየት እንዳይረሳ።

ቀላድ ሌላው ልክ ነው። በገመድ ወይም በጠፍር ይለካ የነበረው ይህ ርዝመት በተለምዶ 133 ክንድ፣ 66.5 ሜትር ገደማ ተብሎ ይወሰዳል። የእኛ የመሬት ልክ ራሱ በክንድ የተሠራ፣ ክንዱ ደግሞ ሸማ የሚለካበት መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህ ሜትር ለማውጣት አንድ ሙሉ ዝርጋታና 16 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። ይህ 16.5 ሜትር ከላይ ካየነው የሮድ 16.5 ጫማ ጋር ቁጥሩ ቢመሳሰልም ምንም ዝምድና የለውም፤ ማስታወሻ ላይ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ጎን መለኪያው ይጻፍ። በጨርቅ ልክ አንድ ቀላድ 72.73 ያርድ ወይም 58.18 የእንግሊዝ ኤል ነው። ጋሻ ቦታው ቢለያይም ለስሌት 40 ሄክታር ከተባለ 160 ጥማድ፣ 98.8 ኤከር ይሆናል። ጎጃም ቀላድን አጥብቆ የተቃወመ የርስት አገር ስለነበር እዚህ ሽማግሌዎች አፍ ላይ የሚሰማው በብዛት ጥማድ ነው።

አሁን በሜዳ ላይ ዕቃው ምን እንደሚሆን። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ለረጅም ጥብጣብ ጠላት ነው። ጥብጣቡ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መካከሉ በግማሽ ሜትር ቢጎብጥ በ50 ሜትር ላይ 1.3 ሳንቲሜትር ትርፍ ያስነብባል፤ ብዙም አያስከፋም። አንድ ሜትር ቢጎብጥ ግን ትርፉ 5.3 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ጉብጠቱ በእጥፍ ሲያድግ ስህተቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። መድኃኒቱ ወይ በጠዋት መለካት፣ ወይ ጥብጣቡን መሬት ላይ ማስተኛት ነው። ጎትቶ ማቅናት አያዋጣም። ፋይበር እንደ ብረት አይደለም፣ ይለጠጣል፤ ለእሱ የሚበቃው የ2 ኪሎ ያህል ጉተታ ነው፣ ለብረቱ 5 ኪሎ ያህል። በሙሉ ጉልበት የሚስብ ረዳት ያለው ሰው ማሳው አንሶበት ይገኛል። የተለጠጠ ሜትር ቁጥሩ ስለሚሳሳ ረጅሙን አጭር አድርጎ ያነባልና።

ሰባታሚት አካባቢ ባለው ለጥ ያለ መሬት ዳገት ራስ ምታት አይሆንም። ወደ ቤዛዊት ከፍታ ሲወጣ ግን ይሆናል። በ50 ሜትር ውስጥ 2 ሜትር ከፍ ቢል አግድም ርቀቱ 49.96 ነው፤ 5 ሜትር ከፍ ቢል 49.75 ይሆናል፤ 25 ሳንቲሜትር ጠፋ ማለት ነው። የይዞታ ስፋት የሚሰላው በአግድም ርቀት ስለሆነ ዳገቱን በአጫጭር ደረጃ፣ 10 ሜትር 10 ሜትር እያደረጉ፣ ጥብጣቡን አግድም ይዞ ከፍ ካለው ጫፍ ቱንቢ እየጣሉ መለካት ያስፈልጋል።

የብረት ሜትር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በትክክለኛነት እውነት ነው። ግን እሱም የራሱ ነገር አለው። ብረት በሙቀት ይረዝማል፤ ልኩ የተወሰደው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ በ30 ዲግሪ ባለ 50 ሜትሩ 6 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ለማሳ ኢምንት ነው። ዋናው ችግሩ በጭቃ ውስጥ መዛጉና ሲረገጥ መታጠፉ ነው። ሐይቁ ዳር ላለ ረግረጋማ ቦታና ለክረምት ሥራ ፋይበሩን ያለ ማመንታት እንመርጣለን። ለሕንፃ መሠረት፣ ሚሊሜትር በሚፈለግበት፣ ብረቱን።

የትክክለኛነት ደረጃው ጥብጣቡ መጀመሪያ ላይ በሮማ ቁጥር ይታተማል። ደረጃ ሁለት ከሆነ በ50 ሜትር የሚፈቀድለት ስህተት 10.3 ሚሊሜትር፣ ደረጃ ሦስት ከሆነ 20.6 ሚሊሜትር ነው። ምንም ምልክት የሌለበት ሜትር ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግር ነገር ስለሌለው ለገንዘብ ጉዳይ አይታመንም። ዋጋ እዚህ አንጽፍም፤ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ ቶሎም ይቀየራል። በምልክት አልባውና በምልክት ባለው መካከል ያለውን ልዩነት ግን መክፈል ተገቢ ነው።

በጨርቅ ሥራ ላይ ዕቃው የሚመሰገነው ጣቃ ሲቆጠር ነው። በእንጨት ሜትር እያጠፉ መቁጠር በእያንዳንዱ እጥፋት አውራ ጣት ስር 3 ሚሊሜትር ቢያሸሽ በ40 እጥፋት 12 ሳንቲሜትር ይሆናል። ረጅሙን ሜትር በአዳራሽ ወለል ላይ ዘርግቶ ጨርቁን ሳይጎትቱ አጠገቡ ማስተኛት ይህን ስህተት ያስቀራል። ያርድ የተጻፈበት ጣቃ ሜትር መስሎ ከተሸጠም ወዲያው ያጋልጣል፦ 30 ያርድ 27.43 ሜትር ነውና 30 ሜትር ብሎ የከፈለ ሰው 2 ሜትር ከ57 ሳንቲሜትር ከስሯል።

በክንድ የሚሸጥ የሸማ ሥራ ላይ ጉዳዩ የቁጥር ብቻ ሳይሆን የስምምነትም ነው። የአንዱ ክንድ 48፣ የሌላው 52 ሳንቲሜትር ቢሆን በ20 ክንድ 80 ሳንቲሜትር ይለያያሉ። የሸማኔው ክንድ ስንት እንደሆነ ከሥራው በፊት በሜትር ተለክቶ፣ ቁጥሩ ተጽፎ ቢያዝ ሁለቱም ወገን ይከበራል። 1 ክንድ ግማሽ ሜትር ነው ብሎ መስማማትም ይቻላል፤ ስሌቱን ያቀልላል፤ ግን ከሸማኔው ጋር ተነጋግሮ እንጂ ከላይ ተጭኖበት አይደለም።

የመሬት ሰው ወደ ጨርቅ ሲመጣ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ግን ካሬ ማካፈል ነው። 10 በ20 ሜትር ዳስ በሸራ ሊሸፈን ነው እንበል፤ የሸራው ስፋት 1.5 ሜትር ነው። 200 ካሬ ለ1.5 ሲካፈል 133.3 ሜትር ይመጣል። ይህን ገዝቶ የመጣ ሰው ሥራው ይቆምበታል። ትክክለኛው መንገድ፣ ለስፌት መደራረቢያ 3 ሳንቲሜትር ቀንሶ ስፋቱን 1.47 ማድረግ፣ 10 ሜትሩን በእሱ ማካፈል (6.8)፣ ወደ 7 ቁራጭ ማሳደግ፣ በ20 ሜትር ማባዛት ነው፦ 140 ሜትር። የጫፍ እጥፋት ይጨመርበታል። ሸራው 45 ኢንች ስፋት ያለው ከሆነ፣ ይህ የድሮው የእንግሊዝ ኤል ልክ መሆኑ ነው፣ ከስፌት በኋላ 1.113 ሜትር ይተርፈዋል፤ 9 ቁራጭ፣ 180 ሜትር ወይም 196.85 ያርድ ይፈልጋል። መሬት እንደ ተፈለገ ይቆረሳል፤ ጨርቅ ስፋቱ ከፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ የሚገዛው በቁራጭ ተቆጥሮ ነው።

ለልክ ስፌት አይሆንም ያልነው ጥብጣቡ ወፍራምና ግትር ስለሆነ፣ ደረትና ወገብ ላይ ስለማይተኛ ነው። የልብስ ሰፊው ለስላሳ ሜትር ለዚያ ሥራ ይቆይ። እሱም ቢሆን በአንድ ፊት 150 ሳንቲሜትር፣ በሌላው 60 ኢንች ይላል፤ 60 ኢንች ግን 152.4 ሳንቲሜትር ነው። ሁለቱ ፊቶች ጫፍ ለጫፍ እኩል ናቸው ብሎ ማሰብ የ2.4 ሳንቲሜትር ስህተት ነው።

ባሕር ዳር ይህ ሁሉ በአንድ ከተማ የሚገናኝባት ቦታ ናት። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር የመሬት አስተዳደርም፣ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂም ኢንስቲትዩት አለ፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1961 ከተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋር አድጋለች። የመሬቱን ወገን ለሚማሩ አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለ። የአሜሪካ የቅየሳ ጫማ የሚባለው 1200/3937 ሜትር ሲሆን ከተለመደው 0.3048 ሜትር በሚሊዮን ሁለት ብቻ ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ ከሥራ ውጭ ሆኗል። በአንድ ቼይን ላይ 0.04 ሚሊሜትር ስለሆነ በዚህ ሜትር አይታይም። ኮምፒውተር ላይ ግን ይታያል። የባሕር ዳር ሰሜናዊ ኮኦርዲኔት ከምድር ወገብ ሲቆጠር 1,280,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የቅየሳ ሥዕሉ በአንዱ ጫማ ገብቶ በሌላው ቢወጣ ቦታው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ 2 ሜትር ተኩል ይሸሻል። ሥዕል ሲከፈት መለኪያው ሜትር መሆኑን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።

በሜትር የተገኘ ልክ ለመሸጥ፣ ለመከራየት፣ ዘርና ማዳበሪያ ለማስላት፣ ለአጥር መረብ መግዣ ይበቃል። ወሰን ላይ ክርክር ካለ ግን ማስረጃው የይዞታ ደብተሩና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ልኬት እንጂ የጎረቤት ሜትር አይደለም።

ዕድሜውን የሚያሳጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጭቃና ጥድፊያ። የጥቁር አፈር ጭቃ ሳይጠረግ ከተጠቀለለ ደርቆ እንደ አሸዋ ወረቀት ቁጥሩን ይልጣል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የሚነካው የመጀመሪያው 30 ሳንቲሜትር ነው። ሲጠቀለል እርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣት ይዞ ጥብጣቡን በመካከሉ ማሳለፍ ይበቃል፤ ከዚያ በጥላ ይድረቅ። የማዞሪያው እጀታ ቀጭን ፕላስቲክ ከሆነ በኃይል ሲዞር ይሰበራል፤ ሲገዙ የብረት ማዞሪያ ያለውን ይምረጡ። መዝጊያ የሌለው ክፍት እጀታ ከተዘጋው ሳጥን ይሻላል፤ ውስጡ የገባ አፈር በውኃ ይወጣለታል። ጫፉ የተቆረጠ ሜትር ሲጠገን ቀለበቱ ሌላ ቦታ ላይ ይሰፋበታል፤ ከዚያ በኋላ ዜሮው አይታመንም። እንዲህ ያለውን ከ1 ሜትር መስመር ጀምሮ መለካትና ከውጤቱ 1 መቀነስ ይቻላል፤ መቀነሱን ላለመርሳት እጀታው ላይ በማርከር «ከ1 ጀምር» ብሎ መጻፍ ነው። የተቆረጠው ከመካከል ከሆነና በሙጫ ከተቀጠለ ግን በዚህ መንገድም አይድንም፤ ከቅጥሉ ወዲህ ያለውን ብቻ ለአጭር ሥራ መጠቀም፣ ለረጅሙ አዲስ መግዛት ነው።